የበሩ ሰዓት ወደ ኋላ የተመለሰበት ማክሰኞ

ማክሰኞ ጥቅምት 25 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ፣ ሰበታ ውስጥ የአንድ የፕላስቲክ ጫማ ፋብሪካ ዘበኛ በሩ ላይ የተሰቀለውን መሣሪያ ሰዓት በሁለት ሰዓት ከሃምሳ ስድስት ደቂቃ ወደ ኋላ መለሱት። መሣሪያው የሠራተኛ መግቢያና መውጫ ይመዘግባል። ዓርብ ዕለት ዘበኛው ደብዳቤ ደረሳቸው። እስከ ሰኞ ቀን ስድስት ሰዓት አጥጋቢ ምላሽ ካልሰጡ ከሥራ ይሰናበታሉ ይላል።

እዚህ ነገር ውስጥ የገባሁት በጋዜጠኝነቴ አይደለም። መሣሪያውን የሠራችው የእህቴ ልጅ ናት። የሠራችውም ቡራዩ፣ እኔው ግቢ ውስጥ፣ ድሮ ከሰል እናስቀምጥባት በነበረች ክፍል ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች በኋላ ክፍሏን እንዳከራያት ጠየቀችኝ፤ አከራየኋት፤ ኪራዩን እስካሁን ሁለታችንም አንስተነው አናውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ክፍል የብየዳ ጭስና የትንንሽ ዕቃ ጩኸት ሲወጣ ኖሯል። በመጨረሻ ሁለት መሣሪያ ወጣ። አንዱ ለአንድ ወር ሙከራ ሰበታ ሄደ፤ ሌላው ሱሉልታ ያለ አንድ የወተት ማቀነባበሪያ በር ላይ ተሰቀለ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሠራተኛው ጣቱን ያሳርፋል፣ አረንጓዴ መብራት ይበራል፣ አለቀ። መሣሪያው ፊት ላይ ሰዓት አይታይም። ሰዓቱ የሚታየው ቢሮ ውስጥ በሚታተመው ዝርዝር ላይ ነው፤ እዚያ ላይ እኛ በምንቆጥረው በአገራችን ሰዓት ይወጣል።

ቅዳሜ ጠዋት ክፍሏ በር ላይ ቆሜ አገኘኋት። ከሰበታ ዓርብ ተደውሎላታል፤ ዘበኛው ሰዓት አዛብተዋል ተብሏል። ያን ዕለት ጠዋት ደግሞ ከሱሉልታ ተደውሏል፤ እዚያ ያለው መሣሪያ ሦስት ሰዓት ቀድሟል። ከጫንጮ በኩል ወተት የሚያመጡት ሰዎች ጠዋት ሁለት ሰዓት ደርሰው አምስት ሰዓት ብሎ መዝግቧቸዋል።

«ሁለት የተለያየ ችግር ነው፤» አለችኝ። «የሰበታው የሰው ነው። የሱሉልታው የእኔ ሳይሆን አይቀርም።»

«ለጋዜጣ አንባቢ እንደምታስረጂ አድርገሽ ንገሪኝ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ቃለ መጠይቅ ነው?»

«ገና አልጀመርኩም።»

በርጩማ ሳበችልኝ። የነገረችኝን በማስታወሻዬ ላይ እንደሰፈረው እጽፈዋለሁ። መሣሪያው ውስጥ ከጥፍር የምታንስ የሰዓት ቺፕ አለች። የራሷ ባትሪ ስላላት መብራት ቢጠፋም መቁጠሯን አታቆምም። ነገር ግን ማንም ፕሮግራም እየሄደ በቀጥታ ቺፗን መነካካት አይችልም። መሀል ላይ ከርነል የሚባል አለ፤ የሥርዓቱ አስኳል ነው። ከታች ያለውን ዕቃ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ከላይ ያለው ሁሉ የሚፈልገውን እሱን ይጠይቃል።

«እኔ የጻፍኩት ከርነሉ ያቺን ቺፕ እንዲያውቃት የሚያደርገውን ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ሰዓቷ ለተጠቃሚው እንደ አንድ ፋይል ሆና ትታያለች። ስታነባት ስንት ሰዓት እንደሆነ ትነግርሃለች። ስትጽፍባት ትቀየራለች።»

«ማን ነው የሚጽፍባት?»

የመበየጃውን ገመድ ከሶኬት ነቀለች።

«ማንበብ ለሁሉም፣ መጻፍ ለእኔ ብቻ ማድረግ እችል ነበር፤» አለች። «ለሙከራው ወር ብዬ ሁለቱንም ከፈትኩት።»

የከፈተችበትም ምክንያት አለ። ቺፗ በሳምንት አራት ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ትቀራለች። ለአራት ደቂቃ ብላ በየሳምንቱ ከቡራዩ ሰበታ ላለመመላለስ፣ ሁለቱም መሣሪያ ላይ አንዳንድ ቁልፍ አኖረች፤ ስትጫን የቺፗ ሰዓት ይወጣል፣ ማስተካከልም ይቻላል። ሱሉልታ ላለው ወተት ተቀባይም፣ ሰበታ ላሉት ዘበኛም አደራ ሰጠች፤ ዘበኛውን እንዲህ አለቻቸው፦ «አባባ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ይቺን ተጭነው ይዩልኝ፤ ከተሳሳተ ያስተካክሉልኝ።»

«ታዲያ ነክተዋል ተብሎ ደብዳቤ የተጻፈው አንቺ ንኩ ብለሻቸው ነው?»

«ደቂቃውን ነው ንኩ ያልኩት፤» አለች። «ሦስት ሰዓት ማን ንኩ አላቸው?»

ሰኞ ጠዋት አብረን ሄድን። በአየር ጤና በኩል ሁለት ታክሲ ለወጥን። ላፕቶፗን እንደ ሕፃን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ረዳቱ «እሱንም በጭንሽ ያዢልኝ» ብሎ የሌላ ሰው ከረጢት ሊደርብባት ሲል ያየችው አስተያየት፣ ከረጢቱን ወደ እኔ ጭን አሻገረው። ከሩብ ኩንታል ጤፍ እንደማይቀል አረጋግጫለሁ።

ዘበኛው ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፏል። ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም በስማቸው ላይ ኦቦ፣ በኦሮምኛ አቶ እንደማለት፣ ጨምሮ ይጠራቸዋል። የእጅ ሰዓታቸውን ከኮታቸው እጅጌ በላይ ነው የሚያስሩት፤ ለማየት እጅጌ መሰብሰብ ጊዜ ያባክናል ይላሉ። ስንደርስ ደብዳቤውን ለአንድ የጭነት መኪና ሾፌር እያነበቡለት ነበር። የመጀመሪያው አድማጭ እንዳልሆነ ከወረቀቱ እጥፋት ታወቀኝ።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ፤» አልኳቸው፤ እንዴት አደሩ ለማለት።

«ነጋ፣ ደኅና ነኝ። ና ግባ፣ ለአንተም ላንብብልህ?»

«ይዘቱን ሰምቻለሁ።»

«እኔ ያልወደድኩት ይቺን ‹ሆን ብለው› የምትለዋን ነው፤» አሉ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አድርገው። «ሌላው እውነት ነው። ነክቻለሁ። ማክሰኞ ነው። ቁጥርና ማኅተሙም ትክክል ነው።»

«አባባ፣ ለምን ነኩት?» አለች የእህቴ ልጅ።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያልሽኝ?»

ሲጠየቁ የሰነበቱት ይህንኑ ነው። ነክተዋል ወይ፣ ለምን ነኩ፣ ማን አዘዘዎ። እኔ ቁጥሩን ጠየቅኋቸው።

«ሲከፍቱት ስንት ይል ነበር?»

«አምስት ከስምንት።»

«የእጅዎ ሰዓትስ?»

«ሁለት ከአሥራ ሁለት።»

«እና ምን አደረጉ?»

«ሁለት ከአሥራ ሁለት አደረግኩት። ሰው ሁሉ ሁለት ሰዓት ላይ ቆሞ እሱ ብቻውን አምስት ሰዓት የሚል ዕቃ ምን ይባላል? ተበላሽቷል ይባላል።»

«ለቢሮ አልነገሩም?»

«ነገርኩ እንጂ። ‹የእርስዎ ሥራ በር ነው› አሉኝ። ዕቃው ደግሞ የተሰቀለው በር ላይ ነው።»

የእህቴ ልጅ መዳፏ ላይ በእስክርቢቶ አምስት ከስምንት፣ ከሥሩ ሁለት ከአሥራ ሁለት ብላ ጻፈች። ለጥቂት ጊዜ አየችው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች።

«ቺፗ የግሪንዊች ሰዓት ነው የምትይዘው፤» አለች፣ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ። «ከርነሉ እንደዚያ ነው የሚጠብቃት። ወደ እኛ ሰዓት የሚቀየረው በኋላ፣ ዝርዝሩ ሲታተም ነው። እኔ ግን ቁልፏ ላይ ያወጣሁት የቺፗን የራሷን ቁጥር ነው። እንዳለ።»

«ግሪንዊች የት ነው?» አሉ ዘበኛው።

«እንግሊዝ አገር።»

«የሰበታን በር ሰዓት እንግሊዝ አገር አስቀምጠሽ፣ እኔን አስተካክሉ አልሽኝ?»

እኔ ነገሩ እንዲገባኝ ማስታወሻዬ ላይ ሒሳቡን ሠራሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ስንል ግሪንዊች አምስት ሰዓት ነው። ስለዚህ አምስት ከስምንት ያለችው ቺፕ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከቀረችባት አራት ደቂቃ በስተቀር፣ ልክ ነበረች። ዘበኛውም ልክ ነበሩ። ሁለት ልክ የሆኑ ነገሮች ተገናኝተው፣ ዝርዝሩም የዘበኛውን ሁለት ከአሥራ ሁለት የግሪንዊች ነው ብሎ ስለቀየረው፣ ከዚያ ወዲያ ጠዋት የመጣው ሁሉ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ገባ።

«ያ ከርነል ያልሽው፣» አሉ ዘበኛው፣ «የሚገባ የሚወጣውን የሚቆጣጠር ነው?»

«እንደዚያ ነው አባባ።»

«ዘበኛ ነዋ።»

«አዎ፣ ዘበኛ በሉት።»

«የመጣውን ሁሉ ዝም ብሎ ያሳለፈ ዘበኛ። እሱስ ደብዳቤ ደርሶታል?»

ሰዓቱ አራት ከሩብ ሆኖ ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ይቀራል።

የሰው ኃይል ኃላፊው ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁሉንም ወረቀት በአንድ መስመር የሚያሰልፍ ሰው ነው። ተንኮለኛ አይደለም። ያቀረበው ማስረጃም ተራ አልነበረም። የማክሰኞን ዝርዝር በቢጫ ቀለም አስምሮበታል።

«ፋብሪካው አሥር ደቂቃ ይታገሣል፤» አለን። «ከሁለት ከአሥር በኋላ የመጣ ስሙ ይያዛል። እሳቸው ሰዓቱን የቀየሩት ስንት ሰዓት ላይ ነው? ሁለት ከአሥራ ሁለት። አርፋጆቹ በር ላይ ተሰልፈው ሳለ። አጋጣሚ ነው ልትሉኝ ነው?»

ከቢጫው መስመር አንዱን አሳየኝ። በማርፈድ የታወቀ ሠራተኛ፣ ማክሰኞ የገባበት ሰዓት ሌሊት አሥራ አንድ ከአሥራ ዘጠኝ።

«በሩ የሚከፈተው አሥራ ሁለት ተኩል ነው፤» አለ ኃላፊው። «ይህ ሰውዬ በምን በኩል ገባ?»

«ከሁሉም ቀድሞ መጥቶ ጠብቆ ይሆናል፤» አልኩት።

አልሳቀም። እውነቱን ለመናገር ደቂቃዋ እኔንም አሳስባኝ ነበር። ወደ በሩ ተመልሼ ዘበኛውን ጠየቅኋቸው፤ ለምን ልክ ሁለት ከአሥራ ሁለት ላይ? «ትልቁን በር የምዘጋው ሁለት ከአሥር ላይ ነው፤» አሉኝ። «ከዚያ በፊት እጄ ባዶ አይሆንም። ከዘጋሁ በኋላ ነው ሌላ ሥራ የምይዘው።» የአርፋጆች መዝገብ ላይ ያለው የእጅ ጽሕፈት የማን እንደሆነ አየሁ። የእሳቸው ነው። ማክሰኞም ሰባት ሰው ጽፈዋል፤ ያ በአሥራ አንድ ሰዓት ገባ የተባለውም አራተኛ ላይ አለ። ለአርፋጅ ብሎ ሰዓት የሚመልስ ሰው የአርፋጅ ስም አይመዘግብም። መዝገቡን ይዤ ወጣሁ።

የእህቴ ልጅ እኔ ስመለስ ለኃላፊው ነግራው ጨርሳለች። «ስህተቱ የእኔ ነው፣ መጻፉን ለሁሉም የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ያልተቀየረ ሰዓት ያሳየኋቸውም እኔ ነኝ» ብላዋለች። ይህን ስትል መሣሪያዋ ዛሬውኑ ከግድግዳ ሊወርድ እንደሚችል ታውቃለች። ኃላፊው መዝገቡን ገለጠ፣ ዘጋው።

«ለሽማግሌ አዝነሽ ነው፤» አላት። «ጥሩ ልጅ ነሽ። ግን ሦስት ሰዓት የተሳሳተን ሰዓት አይቶ ማስተካከል የሚያቅተው ሰው የለም።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ሙያዬም ዝም በል ነው የሚለው።

«እንግዲያው ራስህ አስተካክለው፤» አልኩት።

ወደ በሩ ወረድን። የእህቴ ልጅ ላፕቶፗን በዘበኛው ወንበር ላይ አስቀምጣ መጀመሪያ ቺፗን ወደ ትክክለኛው ቦታ መለሰቻት። ከዚያ ራቅ ብላ ቆመች። ያኔ አራት ሰዓት ከአርባ ነበር። ኃላፊው ቁልፏን ተጫነ። ሰባት ከአርባ ይላል። ስልኩን አወጣ። ስልኩ የፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ አሥር ከአርባ ይላል።

«ይኸው፤» አለ። «ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ያልኩትም ይህንኑ ነው።»

ዘበኛው ከትከሻው በላይ አጮልቀው አዩ። ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውን።

«ወደ ኋላ ቀርቷል? ሦስት ሰዓት ቀድሟል እንጂ ጌታው።»

«የቱ ጋ ነው የቀደመው? አሥር ከአርባ ነው እኮ!»

«አሥር ከአርባማ ሠራተኛው ሊወጣ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው። አሁን አራት ከአርባ ነው። ፀሐይዋን ይዩዋት።»

ሁለት ሰዎች አንድ ስክሪን ፊት ቆመው፣ አንዱ ሦስት ሰዓት ጎድሏል፣ ሌላው ሦስት ሰዓት ተርፏል እያሉ እኩል ሲተማመኑ አየሁ። የእህቴ ልጅ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ኃላፊው ክርክሩን በሥልጣኑ ዘጋው፤ አሥር ከአርባ አንድ ብሎ ጻፈና ጣቱን አሳረፈ። አረንጓዴው በራ።

«አሁን ተስተካከለ፤» አለ።

ቢሮ ተመልሰን ዝርዝሩን አሳተመ። ዘበኛውም አብረውን ወጡ፤ በሩን ለሾፌሩ አደራ ብለው። የመጨረሻው መስመር ላይ የኃላፊው ስም አለ። የገባበት ሰዓት፣ ቀን ሰባት ከአርባ አንድ። ኃላፊው ወረቀቱን አየ፣ የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

«ገና ምሳ አልበላሁም፤» አለ።

«ዝርዝሩ ከምሳ መልስ አርፍደው እንደገቡ ነው የሚናገረው፤» አሉ ዘበኛው። «ለጌታው ደብዳቤውን ማን ይጻፍላቸው?»

ኃላፊው እንኳ ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ግን ፊቱን ያዘና፣ አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ማስረጃ አይሆንም አለ። በዚህ እኔም እስማማለሁ፤ አንድ ምንጭ አይበቃም። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ሱሉልታ ደወለች፤ ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ ከፍ አደረገችው። ወተት ተቀባዩ አነሳ።

«ሰዓቱን የነካህ ጊዜ ስንት ይል ነበር?»

«ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በስልኬ አስተካክዬልሻለሁ።»

«በስልክህ። በፈረንጅ ሰዓት።»

«ታዲያ በምን ላድርገው? ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም፤» አለችው። «ይቅርታ። አንተም ምንም አላጠፋህም።»

ስልኩን ዘጋች። ሁለት ችግር ያለችው አንድ ነበር። ሰበታ በእጅ ሰዓት ታረመ፣ ሱሉልታ በስልክ፤ አንዱ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ሄደ፣ ሌላው ሦስት ሰዓት ወደ ፊት። ልኩ ሁለቱ መሀል ላይ፣ እዚያ ቆመን ከነበርነው የአንዳችንም ሰዓት በማያሳየው ቁጥር ላይ ነበር።

ኃላፊው እስክርቢቶውን አነሳ፣ አስቀመጠ።

«ችግሩ፣» አለ፣ «ደብዳቤው ወጪ ሆኗል። ቁጥር ይዟል። ግልባጩ ለሥራ አስኪያጁ ደርሷል።»

«በር የምጠብቀው እኔ ነኝ፤» አሉ ዘበኛው። «የወጣ ሁሉ ሲመለስ አይቻለሁ።»

«ምላሽዎን በጽሑፍ መስጠት አለብዎት፤ ቀነ ገደቡ እስከ ስድስት ነው።»

አምስት ከሃያ ነበር። ዘበኛው መነጽራቸውን በሩ ላይ ረስተዋል። የተናገሩትን እኔ ጻፍኩላቸው፤ አንድም ቃል አልጨመርኩም። «ሰዓቱ አምስት ከስምንት ይል ነበር። የእኔ ሁለት ከአሥራ ሁለት ይል ነበር። አስተካክሉ ስለተባልኩ አስተካከልኩ። በዕለቱ ያረፈዱ ሰባት ሰዎችን መዝግቤአለሁ። ሆን ብዬ ያደረግኩት ሥራዬን ነው።» የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር እንዲተዉት መከርኳቸው። አልተዉትም። ኃላፊው አምስት ከሠላሳ ስድስት ላይ ተቀብሎ ፈረመበት። የእህቴ ልጅ የራሷን ምስክርነት አንድ ገጽ ጽፋ አያያዘችበት።

ከዚያ በሩ ላይ ቁጭ ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሠራች። ማንበቡን ለሁሉም ተወችው፤ መጻፉን ዘጋችና ለቢሮው በአንድ የምስጢር ቁጥር ሰጠች። ቁልፏ ስትጫን አሁን የሚወጣው በእኛ ሰዓት የተቀየረው ነው፤ ከጎኑም «ጠዋት»፣ «ቀን»፣ «ማታ»፣ «ሌሊት» የሚል ቃል አለ። ዘበኛው ሦስት ጊዜ አስከፍተው ከእጅ ሰዓታቸው ጋር አስተያዩት። በሦስተኛው አንድ ደቂቃ ይቀራል አሏት። ከስልኳ ጋር አመሳከረች። የቀደመው የእሳቸው ነበር። ይህን ስትነግራቸው የእጅ ሰዓታቸውን አልነኩም።

በማግስቱ ሱሉልታ ሄዳ ያኛውንም በዚሁ መንገድ አስተካከለች። ሁለቱም መሣሪያዎች ከግድግዳ አልወረዱም።

ሐሙስ ዕለት ለኃላፊው ደወልኩ። ደብዳቤው ተሰርዟል አለኝ። ግልባጩን ለማየት ጠየቅኩ፤ ለምን አስፈለገህ አለኝ፤ ለማየት አልኩት። ዓርብ ሄጄ አየሁት። አራት መስመር ነው፣ ቁጥር፣ ፊርማና ማኅተም አለው፤ የቀድሞው ደብዳቤ ከዘበኛው ማኅደር እንዲነሳ ያዛል።

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትልቁን በር የከፈቱት እሳቸው ናቸው።